ቴፑን ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

ውጫሌም ኑሩ ሐይቅ፣ መርሳም ኑሩ ደሴ፣ ወላጆቻችሁ ቤት አንድ የማይሠራ ቴፕ ሪከርደር የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፣ ወይም አልጋ ሥር ተገፍቷል። ናሽናል፣ ፓናሶኒክ፣ ሳንዮ፣ ሶኒ፣ ፊሊፕስ... ከጎኑ ደግሞ በፌስታል የታሰሩ ካሴቶች አሉ። ግማሾቹ ሽፋን የላቸውም። አንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ጽሑፍ ደብዝዟል።

ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ "ያንን አሮጌ ቴፕ እንስጠው" የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም። የሚከፈላችሁ ብር የአንድ ሳምንት የኢንተርኔት ጥቅል እንኳ ላይገዛ ይችላል። ካሴቶቹማ ማንም አይገዛቸውም፤ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ።

ቆይ! አትቸኩሉ። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ዕቃ ነው። ትዝታ ስላለበት ብቻም አይደለም። ይህ ዕቃ ከቤታችሁ ሲወጣ ዳግም የማይገኝ ነገር አብሮት ሊወጣ ስለሚችል ነው።

ነገሩ ከዚሁ ከውጫሌ ይጀምራል

ውጫሌን አገር የሚያውቃት በአንድ ወረቀት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት የውጫሌ ውል። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። አማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በጣሊያን በኩል መሄድ ይችላሉ ሲል፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። መጨረሻው ዓድዋ ሆነ።

ይህን ልዩነት ዛሬ የምናውቀው ለምንድን ነው? ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ስለሚቻል። ወረቀት ከተቀመጠ ዓይንና ፊደል ይበቃዋል።

ድምፅ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያው ዘመን ላይ የሆነውን ስሙ። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክ መልእክት የላኩት በጽሑፍ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ ነበር። ፎኖግራፍ በሚባለው መሣሪያ፣ በሰም በተሠራ ክብ በርሜል ላይ ተቀርጾ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በድምፃቸው መለሱ። ዛሬ ቮይስ ሜሴጅ የምንለው ማለት ነው፣ ከ120 ዓመት በፊት!

የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ስለነበር ዛሬ ማንም ሊሰማው አይችልም። የምኒልክና የጣይቱ መልስ ግን ተቀምጦ ቆየ፤ ወደ አዲስ መሣሪያም ተገለበጠ። ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ። አንዱ ድምፅ ጠፋ፣ ሌላው ዳነ። የዳነው አንድ ሰው ስላስቀመጠውና ሌላ ሰው በጊዜው ስለገለበጠው ነው።

ይህን ያዙልኝ። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ከሸክላ እስከ ካሴት

ኢትዮጵያዊ ዜማ ሸክላ ላይ የወጣው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄደው ድምፃቸውን አስቀረጹ። የዚያ ዘመን ዲስክ ሼላክ ከሚባል ነገር የሚሠራ፣ ከእጅ ከወደቀ እንደ እንስራ የሚሰባበር ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ ስለሚሽከረከር በአንድ ጎኑ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በኋላ ላይ በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ "አምሃ ሪከርድስ"ን ከፈተ። የመጀመሪያው ሥራው የአለማየሁ እሸቴ ሲሆን ሸክላው የታተመው ሕንድ አገር ነው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም ሥራ ላይ ነበሩ። ዛሬ "የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን" ሲባል የምትሰሙት በአብዛኛው ከእነዚህ ሸክላዎች የመጣ ነው።

ችግሩ ሸክላ ማጫወቻ የከተማና የባለ ገንዘብ ዕቃ መሆኑ ነው። መብራት ይፈልጋል፣ መርፌ ይፈልጋል፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይፈልጋል። አምባሰል ተራራ ሥር ላለ ገበሬ ምን ይሠራለታል?

ነገሩን የገለበጠው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲያሳየው ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ነበር። ቢወድቅ አይሰበርም። በድንጋይ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው ራሱ መቅዳት ይችላል። በኢትዮጵያም ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ለ20 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ዘፈን ማለት ካሴት ማለት ሆነ።

ለወሎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አራቱ ታዋቂ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ከወሎ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። ባቲና አምባሰልማ የአገር ስም ናቸው። የማሪቱ ለገሠ ድምፅ ከወሎ ወጥቶ አገር ምድሩን ያዳረሰው በካሴት ነው። መንዙማውም፣ መዝሙሩም እንደዚሁ።

ለመሆኑ ድምፅ ክር ላይ እንዴት ይቀመጣል?

የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት ውስጥ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ክር ተጠቅልሏል። ፕላስቲኩ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። በቀላል አማርኛ ዝገት ነው። አዎ፣ ዝገት!

ስትቀዱ የቴፑ "ሄድ" የሚባለው ትንሽ ማግኔት ድምፁን ተከትሎ ጠንከር፣ ላላ ይላል። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ በፊቱ ሲያልፍ የዝገቱ ቅንጣቶች በዚያ መልክ ይደረደራሉ። ስታጫውቱት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቅንጣቶቹ ሄዱን ይቀሰቅሱታል፣ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል።

ለዚህ ነው ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ የሚደክመው። ሞተሩ ሲዘገይ ክሩ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች። የዛሬ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቴፕ ግን እያቃሰተ ነው የሚሞተው። ያኔ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር መፍትሔው። ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ይስቃሉ።

ክሩ ሲላላ እስክሪብቶ ማዞሪያው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ይጠቀለላል። ቴፑ ክሩን ሲበላው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ለማውጣት የሚፈቀድለት እጁ ቀላል የሆነ ሰው ብቻ ነው።

የድሮው ድምፅ እውነት ይበልጣል?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ካሴት ከስልካችሁ ፋይል የተሻለ ጥራት የለውም። ከሥሩ የሚሰማው "ሽሽሽ" የክሩ የራሱ ድምፅ ነው። በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ እየባሰ ይሄዳል፤ ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረገ ካሴት ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ያስመስለዋል።

ታዲያ ትላልቆቹ "የድሮው ቴፕ ድምፅ ሌላ ነበር" ሲሉ ይዋሻሉ? አይዋሹም። ግን ልዩነቱ ያለው ካሴቱ ላይ ሳይሆን ድምፅ ማጉያው ላይ ነው። ወፍራም ድምፅ እንዲሰማ ብዙ አየር መንቀሳቀስ አለበት። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የደህና ቴፕ ማጉያ ግን የእጅ መዳፍ ያህል ነው፣ የራሱም ሳጥን አለው። ለዚያ ነው የክራሩ ወፍራም ክር ደረት ላይ የሚሰማው።

ሁለተኛው ምክንያት አሰማሙ ነው። በአንድ ቤት አንድ ቴፕ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰፈር። ቡና ሲፈላ ይከፈታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ያልወደዳችሁትን ዘፈን መዝለል ስለማይመች እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ዘፈን የምትወዱት ይሆናል። ጎን አንድ ሲያልቅ "ቀጭ" ይላል፣ አንድ ልጅ ተነስቶ ይገለብጠዋል። ዛሬ ሁላችንም ጆሯችን ላይ የየራሳችንን ሰክተን አንድ ክፍል ውስጥ ተለያይተን ነው የምንሰማው። የሚናፈቀው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ አብሮ መስማቱ ነው።

ፋብሪካዎቹስ የት ገቡ?

ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ወጣ። ከዚያ ኤምፒስሪ፣ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ስልክ መጣ። ብዙ ወላጆች ቤት የሚገኘው "ናሽናል" የሚባለው ስም የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በ2008 እ.ኤ.አ. ስሙን ፓናሶኒክ አድርጎ ናሽናልን ተወው። ሳንዮንም ኋላ ላይ ያው ፓናሶኒክ ገዛው። ሶኒ በ1979 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያስደነቀበትን ባለ ካሴት ዎክማን ጃፓን ውስጥ ማምረት ያቆመው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ሸክላ ግን ከሞት ተነሳ። ቴክኒክስ በ2010 እ.ኤ.አ. ያቆመውን ታዋቂ ሸክላ ማጫወቻውን በ2016 እ.ኤ.አ. መልሶ አወጣ። አሜሪካ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የእኛም የድሮ ሸክላዎች በውጭ አሰባሳቢዎች ይፈለጋሉ፤ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የአምሃ ወይም የካይፋ ሸክላ ካለ በርካሽ አትልቀቁት።

ካሴት ማጫወቻም አዲስ ይሠራል፣ ግን አብዛኛው ርካሽና ቀላል ማሽን ነው። ያ ከባዱ፣ ሞተሩ የማይዛነፈው የጥንቱ ዓይነት እምብዛም አይመረትም። ማለትም ቡፌው ላይ ያለው ናሽናል ከተጣለ ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር

የታተመ ዘፈን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የማሪቱን ሥራ ከዩቲዩብ ታገኙታላችሁ። የማይገኘው ሌላው ነው፦ ቤት ውስጥ የተቀዳው።

ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄደች ልጅ ለእናቷ ካሴት ትልክ ነበር። ክፍሏን ዘግታ፣ ቀዩን ቁልፍ ከፕሌይ ጋር ተጭና፣ "እማዬ እንዴት ከረማችሁ፣ እኔ ደኅና ነኝ" ብላ ትጀምራለች። ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። እናት ማንበብ ባትችልም ትሰማለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሱን በጎን ሁለት ትቀዳለች። ዛሬ በኢሞና በቴሌግራም የምንልከው ቮይስ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ለመድረስ ወር ይፈጅ ነበር።

ደግሞ የሠርግ ጭፈራ አለ። የአያት ምርቃት አለ። ሌሊቱን የታደረበት መንዙማ አለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተቀዳ ዝማሬ አለ። ስሙ የትም ያልተጻፈ የሰፈር አዝማሪ አለ። እነዚህ በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያ ፌስታል ውስጥ ያለው ካሴት።

ፎቶ ቢያንስ ይታያል። ካሴት ግን ያለ ቴፕ ሪከርደር ፕላስቲክ ብቻ ነው። ማን እንዳለበት እንኳ አይታወቅም።

ጊዜውም እየሄደ ነው። እርጥበት ክሩን ያሻግተዋል፣ ሙቀት ያጣምመዋል፣ የቴፑ ላስቲክ እየቀለጠ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ በደቡብ ወሎ ብዙ ቤት ንብረቱን አጥቷል። ስለተዘረፈው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ብዙ ተወራ። ስለ ካሴቱ ማን ያወራል? የተረፈው ካለ ግን ዛሬም በእጃችን ነው።

እንዴት ታተርፉታላችሁ?

1. ቴፑን ወዲያው አትሰኩት። መጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ፤ የፈሰሰ አሮጌ ድንጋይ ካለ በጨርቅ ይዛችሁ አውጡ። ከዚያ ከኋላው ያለውን የቮልት መምረጫ እዩ። ከዓረብ አገር የመጣ ከሆነ 110 ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያው በእኛ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

2. ሄዱን አጽዱ። ጥጥና ንጹሕ አልኮል ይበቃል፤ ሽቶ አይሆንም። ቡናማ ቆሻሻ ሲወጣ ታያላችሁ። እስኪደርቅ ጠብቁ።

3. መጀመሪያ የማትሳሱለትን ካሴት ሞክሩበት። ቴፑ ክር የሚበላ ከሆነ ወይም ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ላስቲኩ አርጅቷል። የሬዲዮና ቴፕ ጥገና ቤት ውሰዱት፤ የድሮ ሠሪዎች ላስቲክ መቀየሩን ያውቁበታል።

4. ካሴቱን በብርሃን እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ አታጫውቱት፤ ለብቻው አስቀምጡት። ንጹሕ ከሆነ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አዙሩት፤ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል።

5. ከካሴቱ ጫፍ ያሉትን ሁለት ትንንሽ "ጥርሶች" ስበሩ። ጥርስ የሌለው ካሴት ላይ በስህተት ሪከርድ መጫን አይቻልም። ስንቱ የአባት ድምፅ ነው በላዩ ላይ ዘፈን ተቀድቶበት የጠፋው!

6. ገልብጡ። የሚሻለው ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ላፕቶፕ ማስገባት ነው፤ "ኦዳሲቲ" የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳላችኋል። ላፕቶፕ ከሌለ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ስልካችሁን ከማጉያው ፊት አስቀምጣችሁ በድምፅ መቅጃው ቅዱት። ጥራቱ ያንሳል፣ ግን ከምንም ይሻላል።

7. ስም ስጡት። "ኦዲዮ 0047" ብላችሁ ከተዋችሁት ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም። ማን እንደሚናገር፣ የት፣ መቼ እንደተቀዳ ጻፉ። ይህን የሚያውቁት ወላጆቻችሁ ናቸው፤ አብረዋችሁ ሲሰሙ ጠይቋቸው። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ስልክ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ እና ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋር።

8. ከገለበጣችሁ በኋላም ካሴቱን አትጣሉ። ነገ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ሊያገኘው ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያገኛችሁትን ሁሉ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። የታተመ ዘፈን ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። የቤት ካሴት ደግሞ ምስጢር ሊኖርበት ይችላል። ያቺ ከጅዳ የላከችው ልጅ ለእናቷ እንጂ ለእኛ አልተናገረችም። በሕይወት ካለች መጀመሪያ እሷ ትስማው።

ለማጠቃለል

መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልነውን አስታወሳችሁ? የውጫሌን ውል ወረቀቱን አንስቶ ማንበብ ይቻላል። የቪክቶሪያ ድምፅ ግን ጠፍቷል፣ የጣይቱ ድምፅ ተርፏል። የጣይቱን ያተረፈው መሣሪያው ከመጥፋቱ በፊት የገለበጠ ሰው ነው።

የእናንተ አያት ንግሥት ላትሆን ትችላለች። ድምፅዋን የሚፈልግ ሙዚየም የለም። ስለዚህ የሚገለብጠው የቤት ልጅ ነው፤ እናንተ ናችሁ።

በዚህ ሳምንት ቤት ስትሄዱ ቡና ሲፈላ ያንን ፌስታል አውጡት። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ "ይቺ ምን አለባት?" ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ። ስለ አንዷ ካሴት ሲነሳ ዝም ካለች፣ መጀመሪያ የምትገለብጡት እሷን ነው።

ቆራሌው ደግሞ ነገም ይመጣል። ጠብቁት፣ ሌላ ብረት አይጠፋም።